የአሪቲ አረቄ

ባሌ በዘመቻ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔና አማቴ እንጦጦ ላይ፣ ከንጉሡ ግቢ ዝቅ ብላ ባለች ጎጆ አረቄ እያወጣን እንኖራለን። ወላጆቼ ከቡልጋ "ነይ፣ እንደገና እንዳርሽ" እያሉ ይልኩብኛል። አማቴን ብቻቸውን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም፤ መቅረቱም ቢሆን የሚያጓጓኝ ነገር አልነበረውም።

በዚያ ዘመን ለግቢው በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ፈረንጅ አናጢ ጎረቤታችን ሆነ። አማርኛው ገና ስብርብር ያለ ነበር፤ እኔን "አንተ" ይለኛል፣ በቅሎውን ደግሞ "እርስዎ"።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥሩ ላይ ጥቂት የቀረበት ጠርሙስ ይዞ ደጃችን መጣ። መጠጡ አረንጓዴ ነው። በብርጭቆ ቀዳና ቀዳዳ ባለው ማንኪያ ላይ ስኳር አስቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገበት። ዓይናችን እያየ መጠጡ እንደ አጓት ደፈረሰ።

"በስመ አብ!" አሉ አማቴ አማትበው። "አስማት ነው!"

"አስማት አይደለም። ቅጠል ነው" አለ። "ያገሬ። አሁን አለቀ።"

ያን ጊዜ ፊቱ የልጅ ፊት መሰለኝ። ብርጭቆውን ተቀብዬ አሸተትኩት፤ ሽታውን ወዲያው ለየሁት።

"እማማ፣ ይሄ እኮ አሪቲ ነው! እንስላልም አለበት።"

በማግስቱ ወደ የካ ወርጄ ከተዳፋቱ አሪቲ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ ፍሬ የያዘ እንስላል ለቅሜ ተመለስኩ። ሁለቱንም አረቄ ውስጥ ዘፍዝፌ ሦስት ቀን አቆየሁና ለአናጢው ሰጠሁት። አንዴ ጎንጨት ብሎ እደጅ ሮጦ ተፋው። እኔም ቀመስኩት፤ ከኮሶ ይመርራል።

"ተይው ልጄ፣ እህላችንን አትጨርሺ" አሉኝ አማቴ።

አልተውኩትም። አረቄያችን ሲከረፋ እንደገና አፍልተን "ዳግም" እናወጣ የለም? ቅጠሉን ከነአረቄው ወደ ማውጫው ማሰሮ መለስኩና በእሳት አፍልቼ እንፋሎቱን በመቃው ቧንቧ በኩል አወጣሁት። ምሬቱ ማሰሮው ውስጥ ቀረ፤ በመቃው የመጣው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ሽታው ግን ቤቱን የሚሞላ ነበር።

አናጢው አረንጓዴ ሳይሆን ነጭ መሆኑን ሲያይ ቅር ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ስኳር ስላልነበረን ከአንድ የየካ ንብ አርቢ የገዛሁትን ነጭ ማር በውሃ በጥብጬ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ደፈረሰ! ቀመሰው። ከዚያ እየሳቀ እንባውን ጠረገ።

"አገሬም ነጭ አለ፣ አረንጓዴ አለ" አለኝ። "አረንጓዴው በኋላ ሌላ ቅጠል ይነከርበታል።"

እኔም በሌላው ዙር ጤና አዳም ነከርኩበት። እንደ ለጋ ሣር ለመለመ፤ ሰንበትበት ሲል ግን የደረቀ ቅጠል መሰለ። አበላሸሁት ብዬ ስሸማቀቅ፣ አናጢው በእነሱም ዘንድ ሲያረጅ እንዲያ እንደሚሆን ነገረኝ።

ወሬው በተራራው ላይ ተሰማ። ሰው ሁሉ እንደየራሱ ይጠጣዋል። ጭነት የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ያለ ውሃ ጭልጥ ያደርጉታል፤ አረቄ ላይ ውሃ መጨመር ለእነሱ ግፍ ነው። አማቴ አንድ ማንኪያ ከማር ጋር "ለሆዴ" ይሉና፣ ሆዳቸው በቀን ሦስት ጊዜ ይታመም ጀመር። እኔ በብዙ ውሃ አቅጥኜ ቀስ እያልኩ እወደዋለሁ። አናጢውም ከጥድ ግንድ ጥልቅ ገንዳ ጠርቦ ሰጠን፤ አረቄው የሚጠራቀምበትን ዕቃ በገንዳው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠን፣ እንፋሎቱ ሳይባክን ቀድሞ ከምናወጣው እጥፍ ማውጣት ቻልን።

ክረምቱ ሲወጣ ታላቅ ወንድሜ በቅሎ ስቦ ሊወስደኝ መጣ። አማቴ ቀሚሴን አጥበው፣ ስንቄን ቋጥረው ጠበቁኝ። "ሂጂ ልጄ። እኔ ያየሁት ይበቃኛል" አሉ ወደ ግድግዳው ዞረው።

"አልሄድም" አልኩ።

ወንድሜ ተቆጣ። "ለእናታችን ምን ብዬ ልንገራት? እምቢ አለች ልበላት?"

"ሥራ ይዛለች በላት። እማማም ከእኔ ጋር አሉ፤ ብቻዋን አይደለችም በላት።"

ብርጭቆ አቀረብኩለት። ውሃው ጠብ ሲል አፉን ከፍቶ አየ። ሁለተኛውን ራሱ ቀዳ። በማግስቱ በቅሎዋ ላይ በእኔ ፈንታ ሁለት ቅል አረቄ ጭኖ ወረደ። እኔ ከጎጆው ጀርባ ያለችውን መሬት ለአሪቲ መቆፈር ጀመርኩ፤ አማቴ ድንጋይ እየለቀሙ፣ "ወደ ፀሐይ አድርጊው እንጂ!" እያሉ ይቆጡኝ ነበር።