ጤነኛ ተብሎ የተቀዳ ደም

«ትንኟ» የሚለውን ስም ያወጡላት በሽተኞች ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ደም ስትቀዳ ኖራለች። መርፌዋ ስለማይሰማ «መነከስህን የምታውቀው ከሄደች በኋላ ነው» ይሉላታል። ባሏም ሊያበሽቃት ሲፈልግ «ዛሬ ስንት ሰው ነከስሽ?» ይላታል።

በዚያ ዓመት ሆስፒታሉ የትልቁ አንጀት ካንሰርን ገና ሳያም ከደም መለየት ይቻል እንደሆነ ማጥናት ጀመረ። ዕጢ ትንሽ ሳለም ወደ ደም የሚረጫቸው ምልክቶች አሉ፤ እነሱን ለማወቅ የበሽተኛም የጤነኛም ደም ያስፈልግ ነበር። አንድ ጠዋት ደም ሊሰጡ ከተቀጠሩት ጤነኞች አንዱ ቀረ።

«አንቺስ?» አላት ጥናቱን የሚመራው ሐኪም። «አርባ አምስት አልፎሻል፤ ደግሞ ምንም አያምሽም።»

«የኔ ደም ከሻይ ሌላ ምንም የለበትም» ብላ ሳቀች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለባልደረባዋ ሰጠች፤ መዝገቡ ላይም ከቁጥሯ ጎን «ጤነኛ» ብላ ራሷ ጻፈች።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ሐኪሙ ቢሮው አስጠራት። በሩንም ዘጋው።

«ደምሽ ላይ ምልክቱ ታይቷል» አላት። «ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም፤ ምርመራው የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ግን አንጀትሽ በካሜራ መታየት አለበት።»

ይህን ለሌሎች ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ለራሷ ሲሆን ግን አባቷ ትዝ አላት። አባቷ «ሆዴን፣ ሆዴን» እያለ ከሰውነት ተራ ወጥቶ ነው የሞተው፤ ምን እንደገደለው የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ቀጠሮ ሳትይዝ አሥራ ሰባት ቀን አለፈ። ለባሏም ትንፍሽ አላለችም። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር ደም ይኖር ይሆን ብላ ማየት ትፈራለች፤ ሳታይ መውጣትም ትፈራለች። አንድ ቀን የአንድ አዛውንት ደም ሥር ሦስት ጊዜ ሳተች።

«ልጄ፣ ዛሬስ እጅሽን ምን ነካው?» አሏት።

መርፌውን ለባልደረባዋ ሰጠች። ዕቃ ቤት ገብታ፣ የጓንት ካርቶን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

የዚያን ዕለት ባሏ ሳህኗ ላይ ያለው ምግብ እንዳለ መቅረቱን አይቶ አላለፋትም። «ምንድነው የደበቅሽኝ?» ሲላት ዘረገፈችው።

«ካልታየሁ የሌለብኝ እየመሰለኝ እኮ ነው» አለችው።

እሱ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ «እኔም ፈርቻለሁ» አላት። «በቃ፣ እየፈራንም ቢሆን አብረን እንሂድ።»

የካሜራው ምርመራ አልቆ ከማደንዘዣው ስትነቃ የሐኪሙ ፊት ላይ ፈገግታ ፈለገች፤ አጣች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዕጢ ተገኝታለች። የናሙናው ውጤት ካንሰር መሆኗን አረጋገጠ፤ ደግነቱ ከአንጀቱ ግድግዳ አላለፈችም ነበር። በቀዶ ሕክምና ወጣች፤ ሌላ መድኃኒትም አላስፈለጋትም።

ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ይላታል። እሷ ግን የክትትል ቀጠሮዋ ሲቃረብ ዛሬም እህል አይወርድላትም።

ቁስሏ ሳይሽር ለታላቅ እህቷ ደወለች። «እትዬ፣ አባባንም የገደለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ተመርመሪ።»

«እኔ እኮ ምንም አያመኝም።»

«እኔንስ መቼ አመመኝ?»

«ብቻዬን ግን አልገባም» አለች እህቷ።

በሳምንቱ አብረው ሄዱ። ከእህቷ አንጀት ወደ ካንሰርነት ገና ያልተለወጡ ሁለት እባጮች እዚያው ተቆርጠው ወጡ። ሁለቱ እህትማማቾች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቃቅፈው ተቀመጡ፤ ፍርሃቱ እስኪለቃቸው ድረስ ብዙ ቆዩ።