መሳቢያዎቼን ስክሪኑ ላይ መለስኳቸው

ሱቅ ውስጥ የምሠራበት ኮምፒውተር ስክሪኑ ዝብርቅርቅ ያለ ነው ይላሉ። ይበሉ። ያየው ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔ የምፈልገውን ሳልቸኩል አገኛለሁ፤ የሚስቁት ደግሞ ዓይናቸውን አፍጥጠው አያገኙም። ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ የሚያስቸኩለኝ የለም።

ሥራዬ ለልብስ ሰፊ የሚሆን ዕቃ መሸጥ ነው። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክር፣ ላስቲክ፣ የትከሻ ስፖንጅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ሱቃችን መርካቶ ነው፣ ከሲኒማ ራስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ንባብ ለይቼ፣ እዚያው ላይ የቆመ ነው። የፈረንጁን ፊደል የማውቀው ከዚፕ ካርቶን ላይ ነው፤ መልኩን እለየዋለሁ፣ ሲናገር ግን አልሰማውም።

ድሮ ከወንበሬ ጀርባና ጎን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት መሳቢያ ነበረኝ። አንዱም ላይ ጽሕፈት የለበትም። መርካቶ ውስጥ የድሮ ነጋዴ ዕቃውን የሚደረድረው ለገዢ ዓይን ሳይሆን ለራሱ እጅ ነው። ብዙ የሚጠየቀው ቀኝ እጅ የሚያርፍበት ቦታ፣ አልፎ አልፎ የሚጠየቀው ከፍ ብሎ፣ በዓመት አንዴ የሚጠየቀው ጣሪያው ሥር። እኔን የቀጠሩኝ ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቱ ዕቃ የት እንዳለ አንድ ቀን ነግረውኝ አያውቁም። እጃቸውን እያየሁ ነው የለየሁት። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ሱቁ በኋላ የኔ ሲሆን መሳቢያዎቹን በራሴ እጅ ልክ እንደገና ደረደርኳቸው።

ባለፈው ዓመት ልጄ ሱቁን አደሰው። መሳቢያዎቹ ተነቀሉ፣ መስታወት ገባ፣ መብራቱ በዛ፣ ባንኮኒው ላይ ኮምፒውተር ተቀመጠ። እኔም ልጁ ይደሰት ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። ወዲያው ቀጠለና፣

«አባባ፣ ከእንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው በኮምፒውተር ነው የሚሠራው» አለኝ። «ክፍለ ሀገር ያሉት ሰፊዎች የጨርቁን ፎቶ እየላኩ ነው ቁልፍ የሚያዙት። እርስዎ ደክመዋል። እስከ ዘመን መለወጫ ይሞክሩት፤ ካልሆነልዎ ቤት ይረፉ።»

ጊዜው ሰኔ ነበር።

ልጄ ክፉ አይደለም። ግን ይረፉ ተብለው ከሱቅ የወጡ እኩዮቼን አውቃቸዋለሁ። አንዱ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የጎረቤት ዶሮ ሲያባርር ይውላል። ሌላኛውን በዓመቱ ቀበርነው። እኔ ከዚያ ወንበር ላይ የምነሣው ራሴ ስፈልግ እንጂ እንድነሣ ሲፈለግ አይደለም ብዬ በልቤ ማልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የምታስተምረኝ ሠራተኛችን ነበረች፤ ኮሌጅ የጨረሰች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ትዕግሥተኛ ሴት።

«ጋሼ፣ ሁሉም በፊደል ቅደም ተከተል ተደርድሯል። የሚፈልጉትን በፊደሉ ይፈልጉት።»

«በየትኛው ፊደል?»

«በእንግሊዝኛው ነዋ።»

«እንግዲያው ለኔ አልተደረደረም።»

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። እኔ የምፈልገው አምስት ነገር ብቻ ነው፦ የሰፊዎቹ ፎቶ የሚመጣበት የመልእክት ፕሮግራም፣ በሱቁ ያለው ዕቃ የተመዘገበበት ዝርዝር፣ የቁልፎቻችን ፎቶ ያለበት ፎልደር፣ ማስሊያውና ሬዲዮው። እነሱ ደግሞ ከሠላሳ ምናምን ትናንሽ ሥዕል መሐል ተወሽቀዋል፤ እያንዳንዱ የጣት ጥፍር የምታክል። ማስሊያውን ስፈልግ የማላውቀው ነገር ይከፈታል፤ እሱን ልዘጋ ስል ሌላ ይመጣል። አንድ የጅማ ሰፊ የኮት ጨርቅ ፎቶ ልኮ ግማሽ ቀን ጠበቀኝ፤ መልእክቱን ሳገኘው ከሌላ ሱቅ ገዝቶ ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ብቻ ቀና ብሎ አየ።

ፊት ለፊታችን ገበር የሚሸጡ ሐጂ አሉ። አሉ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ አርባ ዓመት አብረን ስለኖርን አንተ ነው የምንባባለው። መሳቢያዎቼ የተነቀሉ ዕለት ጠዋት፣ ሠራተኞቹ ሳይነኳቸው፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቷቸው ነበር። ይህን አስታውሼ ሻይ ስንጠጣ ጠየቅኩት።

«ሐጂ፣ ያ ያነሣኸው ፎቶ አለህ?»

«የሬሳውን? አለኝ እንጂ። እየከፈትኩ የማለቅስበት።»

«ሬሳ አይደለም፣ በቁማቸው ነው ያነሣሃቸው። ላክልኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ልለጥፈው።»

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!» ብሎ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ላከልኝ ግን።

ስክሪኑ ላይ በፊት የነበረው የአረንጓዴ ኮረብታ ሥዕል ነው። ሠራተኛችን ልትቀይርልኝ ስትል እጇ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮረብታ አያምርም እንዴ?»

«ያምራል። ግን አላውቀውም፤ የማን መሬት እንደሆነ።»

ቀየረችልኝ። መሳቢያዎቼ ስክሪኑን ሞልተው ሲወጡ፣ አልዋሽም፣ እጄን ዘርግቼ መስታወቱን ነካሁት። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ አስተምሪኝ አልኳት፦ ሥዕሉን በማውዝ ይዞ መጎተት፣ ስም መቀየርና የማልፈልገውን ከፊቴ ማንሣት። ሦስቱን በሁለት ቀን ያዝኩ። አማርኛ መጻፊያውንም ከፈተችልኝ፤ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀምኩ መጻፍ ጀመርኩ።

መልእክቱን ጎትቼ ከታች በቀኝ በኩል፣ የዛጎል ቁልፍ መሳቢያ ላይ አስቀመጥኩት። ስሙንም ዛጎል አልኩት። ድሮ ሰፊ ወደ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዛጎል ቁልፍ ነበር፤ ሰላምታውም ወሬውም የሚጀመረው እዚያ መሳቢያ ላይ ነው። የዕቃውን ዝርዝር ከሱ ጎን ዚፕ ላይ፤ ዚፕ በቁመት በቁመቱ ካልተለየ ስለሚያምታታ በየቀኑ የምከፍተው እሱ ነበርና። ማስሊያውን መርፌ ላይ። የቁልፎቹን ፎቶ ናሙና የማስቀምጥበት መሳቢያ ላይ። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ ጥብጣብ ላይ፤ ጥብጣብ የሠርግ ነው፣ ለጨዋታ ነው። ሁሉንም በየመሳቢያቸው ስም ጠራኋቸው፤ ሌላውን ሁሉ ከፊቴ አነሣሁት። ሥዕሎቹንም አተለቅኳቸው፤ ዓይኔ ልጅ አይደለም።

ሠራተኛችን ጎንበስ ብላ አየች።

«ጋሼ፣ ዛጎል ያሉት እኮ መልእክቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰው ይሳሳታል።»

«የምን ሰው?»

ራሷን ነቅንቃ ወደ መደርደሪያው ተመለሰች፤ ሳታዝንልኝ አልቀረችም።

በነጋታው ስገባ አምስቱም ሥዕሎች መሳቢያቸውን ለቀው በግራ ጠርዝ በኩል ተሰልፈዋል። ሠራተኛችን ተዝረክርኮ አይታው አስተካክላልኝ ነው፤ ጥሩ የሠራች መስሏት። መለስኳቸው። በማግስቱ እንደገና ግራ ተሰለፉ። አሁንስ አልነካሁም ብላ በልጆቿ ማለች። እውነቷን ነበር፤ አንዴ ደርድር ብላ አዝዛው ስለነበር ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ራሱ ይደረድራል። እኔ አንዱን ጎትቼ መሳቢያው ላይ ሳኖረው፣ እሱ ብድግ ብሎ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ሦስት ቀን እንዲህ ተናነቅን። ሐጂ በር ላይ ቆሞ፣

«ማን አሸነፈ ዛሬ?» ይለኛል።

«ገና ነን።»

በአራተኛው ቀን ሠራተኛችን ዕቃ ልትረከብ ወጥታ ሳለ ብቻዬን ቀረሁ። የማውዙን ቀኝ ባዶው ቦታ ላይ ተጫንኩት፤ ዝርዝር ወረደ። አላነብበውም። ግን አንዱን ከፈት ሳደርግ፣ ከአንድ ቃል ፊት የትክክል ምልክት አየሁ፤ እኔ ካርቶን ስረከብ ወረቀቱ ላይ የማደርጋት ያቺው ምልክት። ምልክት ካለ ይሁን ያለ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ አይሁን እላለሁ። ተጫንኳትና ጠፋች። ዛጎልን ጎትቼ ቦታው ላይ ለቀቅኩት። ቆመ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ከፈትኩት። እዚያው ነው።

«ሐጂ!» ብዬ ተጣራሁ። መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ አየና፣

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ በሰላም እንሠራለን» አለ።

ሠራተኛችን ስትመለስ ነገርኳት። «ያቺን ምልክት የነካ ከኔ ጋር ይጣላል።» አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ የት እንዳለች ፈልጌ አላገኘኋትም ነበር» አለችኝ።

ልጄ ያየው ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መሳቢያዬ።»

«መሳቢያውን አፈረስነው እኮ።»

«አንተ አፈረስከው።»

«ሰው ምን ይለኛል? ሱቁን አዲስ አድርጌ፣ አሮጌ እንጨት ስክሪን ላይ?»

«ሰው የሚመጣው ቁልፍ ሊገዛ ነው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ሌላ ሰው እንዴት ብሎ ይሠራበታል?»

ማታ ቤቴ ገብቼ ጥያቄውን አሰብኩት። ሌላ ሰው እንዳይሠራበት ብዬ ነው ወይ? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ትንሽ አለበት። እጄን እያዩ ይልመዱት የሚል ነገር በሆዴ አለ። ግን ስለ እውነት ለሠራተኛችን ከበዳት፤ ልፋቷ ደግሞ ለኔ ነበር። በነጋታው ጠርቼ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ ለራስሽ ሌላ መግቢያ አይሠራም ወይ?» አልኳት። ይሠራል አለች። በስሟ መግቢያ አበጀች፣ የሷ ስክሪን ላይ ኮረብታው ተመልሶ፣ ሥዕሎቹ በፊደላቸው ተሰለፉ። የኔን ግን እንዳለ ተውኩት። ልጄም በኔ መግባቱን አልተወም፤ የሷን የይለፍ ቃል ስለማያውቅ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው የሠራተኛችን ትንሹ ልጅ አተኮሰውና ቀረች። ልጄ ቀደም ብሎ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ እኔ እይዘዋለሁ፤ እርስዎ እዚያ በርጩማው ላይ አረፍ ይበሉ።»

በርጩማው የገዢ ነው። ከባንኮኒው ውጭ። ተቀመጥኩበት፤ ምን አደርጋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ መሳለሚያ የስፌት ቤት ያላት ደንበኛችን ዝናቡን እያራገፈች ገባች። ለበዓሉ የልጆች ቀሚስ እየሰፋች ነው፤ የጨርቁን ፎቶ ከአንድ ቀን በፊት ልካለች፣ ከሱ ጋር የሚሄድ ቁልፍ ትፈልጋለች።

«እሺ፣ አሁን አየዋለሁ» አለ ልጄ።

አየ። ማውዙ ወዲህ ሄደ፣ ወዲያ ሄደ። ሬዲዮው ተከፈተ፤ ዘፈን ሱቁን ሞላው። ደንበኛችን፣

«በዓሉ ደረሰ እንዴ?» አለች።

ልጄ ዘፈኑን አጠፋና ወደኔ ሳይዞር፣ «አባባ፣ መልእክቱ የት ነው?»

«ዛጎል ላይ።»

«ዛጎል የቱ ነው?»

«ተጽፏል።»

«ስሙን አየሁት፣ ግን ይሄ... መልእክት ነው?»

«ክፈተዋ።»

ከፈተው። ፎቶዋንም ከብዙ መልእክት ውስጥ አገኘ። አሁን ደግሞ የኛን ቁልፎች ፎቶ ከጎኑ አድርጎ ማመሳከር ነበረበት። ናሙና የሚለው እሱ መሆኑን አላወቀም። ዚፕን ከፈተ፣ ዘጋ። መርፌን ከፈተ፣ ዘጋ። ሴትዮዋ ወደ በሩ ማየት ጀመረች፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ሌላ ሱቅ ደግሞ በሽ ነው።

«ተነሣ» አልኩት።

ጮኼ አይደለም። ልጄ ላይ ጮኼ አላውቅም። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ተነሣ።

ዞሬ ገባሁና ተቀመጥኩ። የጨርቁን ፎቶ አሰፋሁት፤ ቢጫ ነው፣ ግን ወደ ማር የሚያደላ ቢጫ። ናሙናን ከፍቼ ቁልፎቹን ቀስ እያልኩ አሳለፍኳቸው። አራት ቀዳዳ ያለው አንድ አለ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ደግሞ ትንሽ የጠቆረ።

«ባለ አራቱን» አልኩ። «ለልጅ ባለ አራት ይሻላል፤ ልጅ ይጎትተዋል።» ከዚያ ለልጄ፣ «ሦስተኛው መስታወት፣ ሁለተኛው መደርደሪያ።»

ሄዶ አመጣው። ደንበኛችን ቁልፉን ጨርቁ ላይ አኑራ አየችና እሱን ገላመጥ አደረገችው።

«አንተ ደግሞ ዘፈን ከምትከፍት ከጋሼ አትማርም?»

ሳቀ፣ ግን ጆሮው ቀላ። አሳዘነኝ። ብነሣለት ግን እሱም አይማርም፣ እኔም ዶሮ አባራሪ እሆናለሁ። ስለዚህ አልተነሣሁም። ቀኑን ሙሉ እሱ ዕቃ ሲያቀብል፣ እኔ ተቀምጬ ዋልኩ።

በሩን ስንዘጋ ልጄ የሱቁን በር ቁልፎች በእጁ እያንቃጨለ ቆየ።

«አባባ፣ ቢያንስ የዛጎልን ስም መልእክት ቢሉት?»

«አልለውም።»

«እሺ ከበዓሉ በኋላስ?»

«ከበዓሉ በኋላ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ እከፍታለሁ።»

ጃንጥላውን ዘርግቶ ከራሴ በላይ ያዘልኝና መንገዱን ተሻገርን።

በዓሉ አለፈ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፈትኩ።