አባታችንና የናይጄሪያ ልጆች

ነገሩ የሆነው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በተካሄደበት ክረምት፣ በሐምሌ፣ ሐሙሲት ገበያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ስቄ ስቄ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ከቤሩት ከተመለስኩ ወዲህ ሐሙሲት ላይ ልባሽ ጨርቅ እሸጣለሁ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ትምህርት ሲዘጋ ታግዘኛለች። ታግዘኛለች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እግሯ ሥር ያገኘችውን ሁሉ ስትለጋ ነው የምትውለው። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ላይ በተደረገ የተማሪዎች የእግር ኳስ ውድድር ስትጫወት አንድ የባሕር ዳር አሰልጣኝ አይቷት ለሴቶች ቡድኑ ፈለጋት። መኝታም ትምህርትም አለ ብሎ እስከ እሁድ መልስ ይጠብቅ ነበር።

አባታችን ግን እምቢ አሉ። ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ይወዳሉ፣ ከቃላቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። "ሴት ልጅ በቁምጣ፣ አገር ቆሞ እያያት? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ብለው ዘጉት። ትርንጎ ምግብ አስጠላት። እኔም ለምኜ ለምኜ ደከመኝ።

እሁድ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት አባታችን ገበያ ውለው ወደ እኔ ዘንድ ብቅ እንዳሉ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ጨርቁን በላስቲክ ሸፍነን ሦስታችንም አጠገባችን ወዳለው ዲኤስቲቪ ቤት ሮጥን። ኳስ የሚታይበት ቤት ነው፤ አባታችን ረግጠውት አያውቁም። ወጣቶቹ ሽማግሌ ሲያዩ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። አባታችን "በእግዜር" ብለው ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ቀና ስል ቴሌቪዥኑ ላይ ናይጄሪያና አውስትራሊያ አንድ ለአንድ ናቸው። ሴቶች፣ ያውም በቁምጣ። እዚያ ቤት ያስገባኝን ዝናብ ረገምኩት።

አንዱ ጎረምሳ "ኧረ የወንድ ኳስ አምጣልን!" ብሎ ጮኸ። ባለቤቱ ሪሞቱን ሲያነሳ አባታችን "ተው እንጂ ልጄ፣ ማን እንደሚረታ ሳናይ?" አሉ። ሽማግሌ ተናግሮ ማን ይከራከራል? ባለቤቱ ሪሞቱን መልሶ አስቀመጠ።

"የማን ልጆች ናቸው?" አሉኝ። አባታችን ስለማንም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው።

"እኒያ ጠይሞቹ የናይጄሪያ ናቸው አባዬ፤ አፍሪካውያን። የገጠሙት ባለአገሮቹን ነው፤ የሚጮኸው ሕዝብ ሁሉ የነዚያ ደጋፊ ነው።"

"ሰው አገር ሄደው?" አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ከዚያ በኋላ ናይጄሪያ የሳቸው ሆነች። ሁለተኛውን ጎል ስታገባ "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ።

ሦስተኛው ጎል ገባ። ያገባችው ልጅ ማሊያዋን ከላይዋ ሞሽልቃ አወለቀችና በውስጥ የስፖርት ጡት መያዣዋ እየጮኸች ሮጠች።

ሁሉም የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን አባታችንን ነው። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም በልቤ "በቃ፣ አለቀላት" አልኩ።

አባታችን ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"ፎከረች!" አሉ ጮክ ብለው። "ገዳይ አይደለች እንዴ? ዛሬ ልብሷን ጥላ ካልፎከረች መቼ ልትፎክር ነው?"

በእኛ አገር ጀግና ሲፎክር ጋቢውን ወዲያ ወርውሮ ይንጎራደዳል። አባታችን ያዩት ያንን ነው። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ዳኛዋ ቢጫ ካርድ ስታወጣ ደግሞ ተቆጡ። "ምን አደረገች?"

"ማሊያ ማውለቅ በሕጉ አይፈቀድም አባዬ" አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

"ይህን ሕግ ያወጣ ሰው አንድም ቀን ቀንቶት አያውቅም ማለት ነው" ብለው ተቀመጡ።

አውስትራሊያ መጨረሻ ላይ አንድ ብትጨምርም ናይጄሪያ ሦስት ለሁለት አሸነፈች። ዝናቡ አባርቶ ስንወጣ አባታችን ጭቃውን በዱላቸው እየወጉ ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ "አንቺስ ትርንጎ፣ ከፊት ነሽ ከኋላ?" አሏት።

"ከፊት ነኝ አባዬ። አጥቂ ነኝ።"

"በይ ሰውየውን እሺ በይው። ብቻ ስታገቢ ልብስሽን እንዳትጥዪ፤ ቢጫ ያወጡብሻል።"

ትርንጎ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች።

በዚያ ውድድር ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮም ከምድባቸው አለፉ። አባታችን የገበያ ቀን ሳይጠብቁ እየመጡ "የኛዎቹ እንዴት ሆኑ?" ይሉኝ ነበር።

ትርንጎ ዛሬ ባሕር ዳር ናት። ገና ተቀያሪ ናት፤ ትማራለች፣ ትሠለጥናለች፣ ስትደውል ወሬዋ ሁሉ ኳስ ነው። እኔ ግን የማልረሳው የሄደችበትን ጠዋት ነው። እኔ በሷ ዕድሜ የሰው ቤት ላገለግል ወደ ቤሩት ስሄድ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። እሷ ግን በሚኒባሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ እየሳቀች እጇን ታውለበልባለች፤ አባታችንም "ይቅናሽ!" ይሏታል። ለራሴ ትንሽ አዘንኩ፤ አልዋሽም። ለሷ ግን በጣም ደስ አለኝ፤ ከቤታችን ሴት ልጅ እየሳቀች ስትወጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።