የሾርባው ጨው ቀማሽ

በደርግ ጊዜ ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ተከራይቼ ሳስተምር ወባ አልጋ ላይ ጣለኝ። ስነሳ አጥንቴ ብቻ ቀርቶ ነበር። አከራዬ እትዬ ዘይነባ ሽሮ ሲያመጡልኝ ግን፣ ማስቸገሩ አሳፍሮኝ «በልቻለሁ» እያልኩ እመልስ ነበር።

ረመዳን ሲገባ አመሻሹ ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጾመኛ ነኝ። የማፍጠሪያውን ሾርባ ጨው ቅመስልኝ።»

«እትዬ፣ እናንተ ያረዳችሁትን እኔ አልበላም።»

«ሥጋ የለበትም፤ አጃ ብቻ ነው።»

በማንኪያ ቀምሼ ጥሩ ነው አልኩ።

«በአንድ ማንኪያ ጨው አይታወቅም» ብለው ሳህን ሞሉልኝ።

ወሩን ሙሉ እንዲሁ ስቀምስ ጉልበቴ ተመለሰ። የዒድ ዕለት ባለቤታቸው ጋሽ ኑሩ በር ላይ ያዙኝ።

«ጓድ መምህር፣ እንኳን አገገምክ። አንተ ጨው ትቅመስ ተብሎ እኔ ወሩን ሙሉ ሥጋ በሌለው ሾርባ ሳፈጥር ከረምኩ።»