የአክስቴ ገጽ እንዴት የባሏ ሆነ

ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የመስኖ ፓምፕ እጠግናለሁ፤ ሥራ ስጨርስ እጄን በነዳጅ ታጥቤ ወደ ጎልማሶች ትምህርት እሄድ ነበር። ሰው ይስቅብኛል። ለሚኒስትርነት ታስበሃል እንዴ ይሉኛል። ሚኒስትርነቱን ለእነሱ ትቼዋለሁ። የፈለግኩት የሰው አፍ ሳልጠብቅ በራሴ ዓይን አንብቤ ማመንን ነበር። ይኸው ተማርኩ፤ የከዱኝንም ሰዎች በራሴ ዓይን አነበብኳቸው።

ፊደል ያስቆጠረችን የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነች ወጣት ሴት ናት። ትምህርቱ ሲያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣት ማዕከሉ ኮምፒውተር ክፍል ወደሚሰበሰቡ በጎ ፈቃደኞች ወሰደችኝ። ኢንተርኔት ላይ ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል መዝገበ ዕውቀት አለ። አማርኛው ውስጥ ንጉሡም ፊታውራሪውም ኳስ ተጫዋቹም ሞልቷል፤ ሴት ከተገኘች የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ እናት ተብላ ናት። እነዚህ ልጆች ያንን ጉድለት ለመሙላት ያለ ደሞዝ ይጽፋሉ። ነገሩ ደስ አለኝ። መምህሯ ለሕዝብ የሠራች፣ ማንም ያልጻፈላት ሴት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አውቃለሁ አልኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።

ከጣርማ በር በታች ያለነው ቆለኞች ዝናብ አናምንም። ሽንኩርቱም ማሾውም የሚበቅለው ከወንዝ በተጠለፈ የቦይ ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ በተራ ነው። ተራውን የሚያከፋፍል፣ ሰው ሲጣላ የሚፈርድ ሽማግሌ ገበሬው ይመርጣል፤ የውሃ አባት ይባላል። በተራ የተነሳ በአካፋ የተፈላለጡ ሰዎች ስላሉ ሹመቱ ቀላል አይደለም። የአክስቴ ባል የውሃ አባት ነበር። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ፤ ምላሱም ተያዘ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ፍርዱ ግን አልቆመም። ገበሬዎቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ አክስቴ ቆማ ትሰማለች፤ በመጨረሻ «እስቲ ልጠይቃቸው» ብላ ትገባለች። በሽተኛውን የማገላብጠው እኔ ስለሆንኩ ውስጥ ነኝ። መጋረጃውን ትመልስና አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ባሏ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እሷ ጣቷን እያጠፈች ታስባለች፤ የማን ማሳ አሸዋ እንደሆነ፣ የማን ሽንኩርት ጭንቅላት መያዝ እንደጀመረ፣ ማን ከጎረቤቱ ቦይ ውሃ እንደሰረቀ። ሲበቃት ትወጣለች።

«እንዲህ ብለዋል» ትላለች።

ሰዎቹም አላህ ያሽራቸው ብለው፣ የተባሉትን ተቀብለው ይሄዳሉ። በሽተኛው መናገር እንደማይችል የማያውቅ ሰው በቀበሌው አልነበረም። ሴት ቦይ ራስ ላይ ቆማ በወንዶች ላይ ብትፈርድ ማንም አይሰማትም፤ ከመጋረጃ ጀርባ ስትወጣ ግን ሁሉም ይሰማታል። ዛሬ ድረስ ውሃው የሚወርድበትን፣ የቦዩን ራስጌና ግርጌ ማሳዎች ተራ የለየችው እሷ ናት።

ይህንን ጻፍኩ። በሁለት ጣት፣ ፊደል እየለቀምኩ፣ ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ እስኪመጣ እየጓጓሁ። መምህሯ ስታርመኝ ከጨመረችው ያስወጣችኝ ይበልጣል፤ «ብልህ» የሚለውን አውጡት፣ «አንበሳ» የሚለውን አውጡት ትለኛለች፤ ሥራዋን ብቻ ይንገሩን። እሺ ብዬ አወጣሁ። ገጹ በአክስቴ ስም ወጣ። ሄጄ ስምሽን ዓለም ሊያነበው ነው ብላት «ዓለም ሥራ ፈቷል?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ፈቃድ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፊቱን የማላውቀው ሌላ በጎ ፈቃደኛ ገጹ ራስ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ምንጭ የለውም፤ ካልቀረበለት ይሰረዛል። ተናደድኩ። ሕያው ምስክር አለ፣ እኔ ራሴ ነበርኩ አልኳት መምህሯን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምንጭ አይሆኑም» አለችኝ። «የታተመ ነገር ያስፈልጋል።»

በአንድ መሥሪያ ቤት ስለ አካባቢው ባህል መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። ለመንኩት። እሺ አለኝ። በባጃጅ ይዤው አክስቴ ቤት ወሰድኩት፣ አስተዋወቅኳቸው፤ ስልኩን መቅጃው ላይ አድርጎ ከፊቷ አስቀመጠው። ወዲያው የዐስር አዛን አለና ወደ መስጊድ ሄድኩ። ሰግጄ ስመለስ ጨርሰዋል። ሰውዬው ደስ ብሎታል፤ ግሩም ታሪክ ነው አለኝ። እሷ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ደክሟት ነው አልኩ።

መጽሔቱ ታተመ። ቆሜ አነበብኩት። የአክስቴ ባል ታላቅ የውሃ አባት ነበሩ ይላል፤ አካላቸው ቢደክምም አልጋ ላይ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው በጥበብ ፈረዱ ይላል። ባለቤታቸውም እንግዳ ተቀባይ ናቸው ይላል። እንግዳ ተቀባይ። ሌላ የለም።

ቅዳሜ ወጣት ማዕከል ስደርስ መምህሯ ቀድማ አንብባዋለች። ገጹን በባልየው ስም አዙራ፣ የጻፍኩትን አውጥታ፣ የመጽሔቱን አስገብታ ጨርሳለች። ሴቶችን ልንጽፍ ተሰብስበን አንድ ወንድ ጨምረን ወጣን። ውሸት ነው አልኳት።

«እኔ እርስዎን አምናለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ገጹ ግን የሚያምነው የታተመውን ነው። ምንጩን ያመጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ መጽሔቱ አዘጋጅ ሄድኩ። ያላልኩት የለም፤ ሌባ ብዬዋለሁ፣ ቃል አባይ ብዬዋለሁ። ሰውዬው አልተቆጣም። ስልኩን አውጥቶ ቅጂውን ከፈተልኝ። የአክስቴ ድምፅ ነው። እሳቸው ነበሩ የሚፈርዱት፣ እኔ ሴትዮዋ ምን አውቄ፣ ምግብ ሳቀርብ ነው የምሰማው ትላለች። ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ሲከት ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቀው ወጣሁ።

አክስቴ ቤት ስደርስ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትለያለች፤ ደህናውን ወዲህ፣ የበሰበሰውን ወዲያ። ሰላም አላልኳትም።

«እትዬ፣ ለዚያ ሰውዬ ምን አልሽው?»

«የሚታተመውን።»

«መናገር አይችልም ነበር። እኔ ነበርኩ የማገላብጠው። እኔ ፊት ነው ስትፈርጂ የኖርሽው።»

«ታዲያ አንተን ማን ጠየቀህ?»

ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። እኔ ገጹን ካወጣሁ በኋላ ከቦዩ ራስጌ ያሉት ገበሬዎች ስልክ ይዘው ቤቷ መጥተው ነበር። የጻፍኩትን አንብበውላታል። የራስጌና የግርጌ ተራ በሴት የተፈረደ ከሆነ ያለቀ ነገር አይደለም፣ እንደገና ይታይ ብለዋል። አሁን አባቱን ተክቶ የውሃ አባት የሆነው ልጇ ነው፤ የሚመጡበት እሱ ላይ ነው። ተራው ከፈረሰ ግርጌ ያለው ሽንኩርት ይደርቃል፤ አካፋም ይነሳል።

«ሁሉም ያውቅ ነበር እኮ» አልኳት።

«ያውቅ ነበር። አይናገርም ነበር። ውሃው የወረደው በዚያ ነው።»

«ያኔውኑ አትነግሪኝም ነበር? እኔው በባጃጅ ያመጣሁትን ሰው፣ እኔ ሶላት ስወጣ ጠብቀሽ ትዋሺዋለሽ?»

«ብነግርህ ትከራከረኝ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ውሸታም ሆኜ ልቅር?»

አንድ ሽንኩርት አገላብጣ አይታ ከበሰበሰው ጋር ጣለችው።

«ቅር» አለችኝ። «አንተ የውሃ ተራ የለህም።»

እውነቷን ነው። መሬት የለኝም። የሰው ፓምፕ ጠግኜ ነው የምበላው፤ በዚያ ቦይ ላይ የሚደርቅብኝ ነገር የለም። ግን ወላሂ እንዲህ ብላ ዋጋዬን የነገረችኝ ሌላ ሰው ብትሆን አይቆጨኝም ነበር። ልጅ ሆኜ ወላጅ ያጣሁ፣ እሷን እናት ያልኩ ሰው ነኝ። ቤቷ ያ ሁሉ ዘመን ስኖር ከመጋረጃው ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ውጭ ከተቀመጡት ጋር ቆጥራኝ ኖሯል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ፊቱን የማላውቀው በጎ ፈቃደኛ በገጹ የውይይት ክፍል ጥያቄ ጽፎልኝ አገኘሁ። የመጀመሪያው ጽሑፍና መጽሔቱ ለምን እንደተለያዩ አስረዳ ይለኛል። የራስጌዎቹ ገበሬዎች ያንን ክፍል እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ብከራከር ማሸነፍ አልችልም፤ ዝም ብል ጥርጣሬው አይጠፋም፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ ደግሞ አካፋ ይነሳል። በሁለት ጣቴ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ፤ የፈረዱት ባለቤቷ ናቸው፤ እኔ ልጅ ስለነበርኩ አላስተዋልኩም አልኩ። በተማርኩት ፊደል የጻፍኩት የመጀመሪያ ውሸት ይኸ ነው።

መምህሯ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ጎበዝ ጋሼ፣ ስህተትን ማመን ትልቅነት ነው» አለችኝ። እኔ እርስዎን አምናለሁ ያለችኝ ሰው፣ ከጻፍኩላት ሁሉ ሳታርም የተቀበለችኝ ይህንን ብቻ ነው።