የዶቃዎቹ ባለቤት

ለስብሰባ ሜክሲኮ አገር ሄጄ አዘጋጆቹ ሙዚየም አስገቡን። ማያ ከሚባሉት የጥንት ሰዎች መቃብር የወጣ አረንጓዴ ዶቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። ሳላስበው እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አሰበ ተፈሪ ልጅ ሳለሁ አዴ ሐሊማ የምንላቸው ወተት ሻጭ ነበሩ። አንድ ቀን ገጠር ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። መንገድ ዳር የጥንት መቃብር የድንጋይ ክምር አለ፤ አላፊው ሁሉ ጠጠር ይጨምርበታል። እሳቸው ጨመሩ፤ እኔንም አስጨመሩኝ። ዝናብ በሸረሸረው ጎን ሦስት ዶቃ አየሁ። እሳቸው ወደ ፊት ሲሄዱ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳቸው።

አስተማሪያችን አሮጌ ዕቃ ይሰበስቡ ነበርና በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋቸው። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። እናቴም ኮርታ ለአዴ ሐሊማ ነገረቻቸው። ወተቱን እየቀዱ ቀና ሳይሉ፣

«ባለቤቱ እኮ ሩቅ አልሄደም፣ ልጄ» አሉኝ።

ሰውየው መጥቶ በራችንን የሚያንኳኳ መስሎኝ ስንት ቀን ፈራሁ። ማንም አልመጣም። አዴ ሐሊማም ዳግመኛ ቤታቸው አልወሰዱኝም።

መስታወቱ ፊት ቆሜ ጠጠር ፈለግሁ። ወለሉ የተወለወለ እብነ በረድ ነው።