አሜሪካን የቀዳው እድራችን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ ሆኽስት ሐኪም ቤት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበረኝ። ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ አሜሪካ ያወራል። ፕሬዚዳንቱና ምክር ቤቱ አልተስማሙም፤ ፍርድ ቤት የፈረደው ይፈጸም አይፈጸም ክርክር ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ጀርመኖች ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ነገር ከሠላሳ ዓመት በፊት ኡንተርሊደርባህ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ አይቼዋለሁ፤ ያውም ዳኛ ሆኜ።

እድር ነበረን። ሀብቱ ታጣፊ ወንበሮች፣ ትልልቅ ድስቶችና ሰው ሲሞት የሚመጣ ሰው ነው። ዕቃው ከአዳራሹ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ኬለር በሚሉት፣ ተቆልፎ ይቀመጣል። እንደማንኛውም የሐበሻ ማኅበር በየስብሰባው እንጣላለን። አንድ እሑድ አቶ መኩሪያ፣ ወታደሮቹ ጠቅልለው እስኪሄዱ ድረስ በአሜሪካኖች ካምፕ መጋዘን ይሠሩ የነበሩ ሰው፣ ስለ አሜሪካ መንግሥት የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ይዘው መጡ።

«የአሜሪካኖች ምሥጢር ምን መሰላችሁ?» አሉን። «ማንም ማንንም አያምንም። ስለዚህ ሥልጣኑን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። አንዱ ሕግ ያወጣል፣ አንዱ ያስፈጽማል፣ አንዱ ይዳኛል። ሦስቱም እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይኖራሉ።»

ባለመተማመን የሚቆም መንግሥት አለ ሲባል፣ እኛን የሚያህል ዝግጁ ሕዝብ ከየት ይገኛል? በጭብጨባ ተቀበልነው። እድሩን ይመራ የነበረው አቶ ጌጡ ፕሬዚዳንት ተባለ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ይብቃው። ምክር ቤት ተመረጠ። ሦስት ዳኞች ሲፈለጉ አንዱ እኔ ሆንኩ፤ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። አቶ መኩሪያ ምክንያቱን ፊት ለፊት ተናገሩ፤ «ይሄ ልጅ ከሁሉም ጋር የተጣላ ስለሆነ ለማንም አያዳላም።»

ተሳስተዋል። ከጋሽ በርሄ ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

ጋሽ በርሄ አስመራ በአማርኛ የተማረ ኤርትራዊ፣ እድሩ ሲቋቋምም የነበረ ሰው ነው፤ ዚንድሊንገን ይኖራል፣ እኔ በምሠራበት ኬሚካል ፋብሪካ ከእኔ ጋር በአንድ ሺሽት፣ በአንድ ፈረቃ፣ ይሠራል። እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው አገር አቋርጬ የመጣሁት። በምሳ ሰዓት ጥቁሩን ዳቦ አዋዜ ቀብተን ስንበላ፣ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ እየጻፈ ያስቆጥረኝ ጀመር። «አንተ ደንቆሮ፣ ይሄን ያህል ምላስ ይዘህ እንዴት ፊደል ያቅትሃል?» ይለኛል። ሰድቦኝ የማልመልስለት ሰው እሱ ብቻ ነበር። አገሬ ያላስተማረችኝን ፊደል ያስተማረኝ ከአገሬ የተለየ ሰው ነው። ይህን ስናገር ደስ የማይለው ሰው ብዙ ነው፤ አይበለው።

ኅዳር ላይ፣ የማይን ወንዝ ጭጋግ ከፋብሪካው ሽታ ጋር በሚደባለቅበት ሰሞን፣ ጋሽ በርሄ ልቡን ታሞ ሞተ። ሚስቱ እትዬ ለተብርሃን ልጅም ዘመድም እዚህ የላትም። ያላት እድር ነው። በማግስቱ ተሰበሰብን። አቶ ጌጡ ተነሣና፣

«ሕጋችን የኢትዮጵያውያን እድር ይላል። እነሱ አገራቸውን ይዘው ሄደዋል። የእድሩ ዕቃ ለዚህ ለቅሶ እንዲወጣ አልፈቅድም» አለ።

ምክር ቤቱ ይፈቀድ ብሎ ድምፅ ሰጠ። የፕሬዚዳንቱን እንቢታ ለመሻር ግን ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል ተባለ፤ አንድ ሰው ጎደለ። ነገሩ ወደ ዳኞች መጣ። አንዱ ዳኛ ይገባዋል አለ፣ አንዱ አይገባውም አለ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እሱማ ሟቹ ያስተማረው ነው፤ ሊዳኝ አይችልም!» አለ አቶ ጌጡ።

«እርስዎንም ባስተማረዎት ጥሩ ነበር» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እኔ ፍርዱን ቀስ ብዬ በእጄ ጻፍኩ፤ እድሩ ሲቋቋም የነበረ ሰው፣ ድንበር ስለተሰመረ ከእድሩ አይፋቅም አልኩ። ቆሜ አነበብኩት። አቶ ጌጡ አልተቆጣም። ኪሱን መታ መታ አደረገና፣ «ዳኛዬ፣ ጥሩ ፈርደሃል። የኬለሩ ቁልፍ ግን እዚህ ነው» አለኝ።

ወደ አቶ መኩሪያ ዞርኩ። መጽሐፋቸውን አገላበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፍርድ ቤት ወታደርም ካዝናም የለውም ይላል» አሉ።

«ታዲያ አሜሪካኖቹ ምን ያደርጋሉ?»

«እንግዲህ… ፕሬዚዳንቱ ያፍራል ተብሎ ይጠበቃል።»

አቶ ጌጡን አየሁት። አላፈረም።

ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ወዳለችው ክፍሌ ሄጄ ያሉኝን ሁለት ወንበሮች አነሣሁና በኤስ-ባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ለቅሶው ቤት ተሳፈርኩ። አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ቤት እየቀየርክ ነው ወይ አለችኝ። ዳኝነት ላይ ነኝ ብላት አይገባትም፤ አዎ አልኳት። እትዬ ለተብርሃን በሩን ስትከፍት ከእኔ በስተጀርባ ደረጃውን ተመለከተች።

«ብቻህን ነህ፣ ወደይ?» አለችኝ፤ በቋንቋዋ ልጄ ማለቷ ነው።

«ብቻዬን ነኝ።»

እውነቱን ለመናገር የእሷ ቤት ወንበር አላጠረም። ያጠረው ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ እሷ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆነን፣ አንዱ ወንበር ባዶውን፣ እስኪመሽ ተቀመጥን።

በማግስቱ ሦስት ሴቶች በየድስታቸው ንፍሮ ቀቅለው መጡ። አንዷ የአቶ ጌጡ ሚስት ናት።

«ቁልፉን ከኪሱ ማውጣት አቃተሽ?» አልኳት።

«እሱ ኬለሩን ይጠብቅ» አለች መሐረቧን እያጠበቀች። «የቤቴ ድስት በእናንተ ሕግ ውስጥ የለም።»

ሌላ ሰው አልመጣም። ይገባዋል ብሎ የፈረደው ዳኛ እንኳ አልመጣም። እድሩም ፋሲካን ሳያይ ፈረሰ።

ነርሷ ስሜን ስትጠራ ጀርመኖቹ ገና ማን ያሸንፋል እየተባባሉ ነበር። ሥልጣንን መከፋፈል መጥፎ ነው አልልም፤ ጌጡን የመሰለ ሰው ብቻውን ቢይዘው ይብሳል። ግን ሦስት ቦታ ከፍለነው ስናበቃ፣ ለቅሶ መድረስ የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አቶ ጌጡ ራሱ ሲሞት ለቅሶው ሄጃለሁ። ይቅር ያልኩት እንዳይመስላችሁ፤ አላልኩም። ሚስቱ ብቻዋን እንዳትቀመጥ ነው።